የሃርለም የዳንስ ቴአትርና አለኝታዎቹ

በአሜሪካ አገር የባሌት ትርኢት ለማየት ወደ ቴአትር ቤት የሚገባ ተመልካች በር ላይ አንድ ቀጭን የፕሮግራም መጽሔት ይሰጠዋል። በፊተኞቹ ገጾች የተወዛዋዦቹ ስምና ምስል፣ የሙዚቃው ደራሲና የውዝዋዜው አቀናባሪ ማንነት ሰፍሮ ይገኛል። ወደ ኋላ ሲገለጥ ግን በደቃቅ ፊደል የተሞሉ፣ አብዛኛው ሰው ሳያነባቸው የሚያልፋቸው ገጾች አሉ። እነዚህ የምስጋና ገጾች ናቸው። ቡድኑን በገንዘብ የረዱ ሰዎችና ድርጅቶች ስም በዚያ ተደርድሯል። አደራደሩም እንዲያው በፊደል ተራ ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ በተሰጠው ገንዘብ መጠን የተከፈለ ነው። ብዙ የሰጠ ከላይ፣ ጥቂት የሰጠ ከታች ይውላል። ከመጨረሻው እርከን በታች የሰጠው ደግሞ ጭራሹን አይጻፍም።

ይህ አጻጻፍ ለሒሳብ ሹም የሚመች መሆኑ አያጠራጥርም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን አሳሳች ነው። አንድ የኪነ ጥበብ ማኅበር እንዴት ተወልዶ እንዴት በእግሩ እንደ ቆመ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ማን ምን ያህል ሰጠ ከማለቱ በፊት ማን መቼ ሰጠ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር በሃርለም የተቋቋመው የዳንስ ቴአትር ታሪክ ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመመርመር የሚያስችል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሌት የቤተ መንግሥት ልጅ መሆኑ የታወቀ ነው። በፈረንሳይ ሉዊ 14ኛ በ1661 ንጉሣዊውን የዳንስ አካዳሚ ሲያቋቁም፣ በሩስያም በ1738 በሴንት ፒተርስበርግ የዘውዱ የባሌት ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ወጪው የሚሸፈነው ከመንግሥቱ ግምጃ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ የዘውድ ደመወዝተኛ ነው፤ እጅ የሚነሣውም ለአንድ ሰው ነው። ያ ገንዘብ ከገበሬው ግብር የተሰበሰበ መሆኑን በዚያን ዘመን በፕሮግራም ላይ የጻፈ አልነበረም። ከ1909 ጀምሮ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የሩስያን ተወዛዋዦች ይዞ በፓሪስ ሲታይ ግን ባሌት ንጉሥ የሌለው ጥበብ ሆነ። ዲያጊሌቭ ዕድሜውን የጨረሰው ከአንዱ ባለጸጋ ሳሎን ወደ ሌላው ሲመላለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1920 የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» እንደገና ለማሳየት ገንዘብ ባጠረው ጊዜ፣ የልብስ ቀያሿ ኮኮ ሻኔል ስሟ እንዳይነገር አስጠንቅቃ 300,000 ፍራንክ እንደ ሰጠችው ይተረካል። ምስጢሩ ግን አልተጠበቀም፤ እስከ ዛሬ ይነገራል።

አሜሪካ ደግሞ ከመጀመሪያውም ንጉሥ አልነበራትም። የሀብታም ነጋዴ ልጅ የሆነው ሊንከን ከርስታይን በ1933 የባሌት አቀናባሪውን ጆርጅ ባላንሺንን ወደዚያች አገር ሲያስመጣ፣ በ1934 የአሜሪካ ባሌት ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1948ም የኒው ዮርክ ከተማ ባሌት ሲቋቋም፣ መሠረቱ የግለሰቦች ኪስ ነበር። መንግሥት በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በ1917 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሰው ለበጎ አድራጎት የሰጠው ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል። ስለዚህ ባለጸጋው አንድ ሺህ ዶላር ለባሌት ሲሰጥ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ የነበረ ነው። ሕዝቡ ሳያውቀው አብሮ ይሰጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠው ግን ባለጸጋው ብቻ ነው። በምስጋናው ገጽ ላይ የሚጻፈውም የመራጩ ስም ነው።

ምርጫው ወዴት ያዘነብል እንደነበረ አንድ ምሳሌ በቂ ነው። በ1963 መጨረሻ ፎርድ ፋውንዴሽን ለባሌት ዕድገት 7,756,000 ዶላር መደበ። በአሜሪካ የዳንስ ታሪክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገንዘብ ታይቶ አያውቅም። ተቀባዮቹ ስምንት ተቋማት ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ገንዘብ ለኒው ዮርክ ከተማ ባሌትና ለትምህርት ቤቱ ዋለ። ከስምንቱ አንድም በጥቁር አሜሪካውያን የተመሠረተ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቡድን ያልተሞከረ ሆኖ አይደለም። በ1937 በኒው ዮርክ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ፣ በ1950ዎቹም እንደገና በኒው ዮርክ የጥቁሮች ባሌት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። የመጨረሻው በ1957 እስከ ብሪታንያ ተጉዞ ትርኢት አሳይቷል። ነገር ግን ወጪውን ይችሉ የነበሩት አንዲት ለጋስ ሴት ሲሞቱ የቡድኑም ዕድሜ አብሮ አጠረ። ተወዛዋዦቹ ችሎታ አልጎደላቸውም፤ ተመልካችም አላጡም። ያጡት ሁለተኛ ምሰሶ ነበር። በአንድ ምሰሶ የቆመ ድንኳን ምሰሶው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አርተር ሚቸል ወደዚህ ታሪክ የሚገባው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። በ1934 በሃርለም ተወለደ። አባቱ ታስሮ ስለነበር ገና በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ እየጠረገ፣ ጋዜጣም እያዞረ ቤተሰቡን ለመርዳት ተገደደ። በ1952 የከተማውን የትርኢት ጥበባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጨርስ በአሜሪካ ባሌት ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ በ1955ም የኒው ዮርክ ከተማ ባሌት አባል ሆነ። በመጀመሪያው ምሽት ወደ መድረክ ሲወጣ ከተመልካቹ መካከል የስድብ ቃል መሰማቱን ራሱ ተናግሯል። በ1957 ባላንሺን «አጎን» በተባለው ሥራው ውስጥ ሚቸልን ከነጭዋ ተወዛዋዥ ከዳያና አዳምስ ጋር አጣመረው። ጥቁር ወንድ ነጭ ሴትን በእጁ አቅፎ ሲያነሣ በሕዝብ ፊት ይታያል ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ያንን ውዝዋዜ ለማሳየት የደፈረው በ1968 ነው።

በዚያው በ1968 ሚያዝያ 4 ቀን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ሚቸል በዚያን ወቅት ለብራዚል ብሔራዊ የባሌት ቡድን ለማቋቋም ይመላለስ ነበር። ዜናውን የሰማው ወደዚያው ለመጓዝ ሲል ነው። በሌላ አገር የምሠራውን በተወለድኩበት ሠፈር ለምን አልሠራም የሚል ጥያቄ ያን ጊዜ እንደ ተነሣበት ደጋግሞ ገልጿል። በዚያው በጋ በሃርለም ማስተማር ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹን አለኝታዎች መፈለግ ያለብን እዚህ ላይ ነው። ዝነኛዋ ዘፋኝ ዶረቲ ሜነር በ1964 በአንድ የሃርለም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመሠረተችው የጥበባት ትምህርት ቤት ለሚቸል መጀመሪያ ቦታ ሰጠው። ትምህርቱ የተሰጠው በጋራዥና በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። በጋራዡ ሙቀቱ የማይቻል ስለነበረ በሩ ተከፍቶ ይዋላል፤ በመንገድ የሚያልፍ ልጅ ሁሉ ቆሞ ይመለከታል። ከዚያ ይገባል። ሚቸልም የባሌትን የአለባበስ ሥርዓት አላልቶ ወንዶቹ በጂንስ ቁምጣ እንዲማሩ ፈቀደ። በ30 ልጆች የተጀመረው ትምህርት በሁለት ወር ውስጥ 400 ደረሰ።

አራት መቶ ልጆች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ባሌት የነጮች ነው፣ የሀብታም ልጆች ነው፣ ለወንድ ልጅ ደግሞ የሚያሳፍር ነው በሚባልበት ዘመን፣ ከተማው በቁጣና በሐዘን በተሞላበት ዓመት፣ የአራት መቶ ልጆች ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ አንድ ጋራዥ ላኩ። ከሥራ የደከመች እናት ልጇን አጥባ፣ ሰዓት ጠብቃ፣ ወስዳ መመለስ ይኖርባታል። ይህ በዶላር አይተመንም፤ ስለዚህም በየትኛውም የምስጋና እርከን ውስጥ አይገባም። ዳሩ ግን ሚቸል በኋላ ወደ ባለጸጎች ደጅ ሲሄድ በእጁ ይዞት የሄደው ሌላ ነገር አልነበረም፤ እነዚያን አራት መቶ ልጆች ነው።

ከወላጆቹ ቀጥሎ የሰጠው ሚቸል ራሱ ነው። ካጠራቀመው ገንዘብ 25,000 ዶላር አወጣ። ከእርሱ ጋር መሥራች የሆነው ካረል ሹክ ደግሞ የሚቸል የቀድሞ መምህር የነበረ ነጭ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በአምስተርዳም በኔዘርላንድ ብሔራዊ ባሌት የያዘውን የተከበረ ሥራ ትቶ ወደ ሃርለም መጣ። ሹክ እስከ ሞተበት እስከ 1985 ድረስ የቡድኑን የማስተማሪያ ሥርዓት የቀረጸ ሰው ነው። ስሙ ከሚቸል ስም ጎን እምብዛም አይነሣም። ባላንሺንና ከርስታይንም በአዲሱ ማኅበር የበላይ ጠባቂዎች ጉባኤ ገብተው ረዱት፤ የባላንሺን ሥራዎችም በሃርለም ተወዛዋዦች እግር መታየት ጀመሩ። ትልቅ ቤት ለትንሹ ቤት ከሚያደርገው ርዳታ ሁሉ ይህ ዋነኛው ነው ለማለት ይቻላል፤ ገንዘብ ያልቃል፣ ሥራው ግን በተወዛዋዡ አካል ውስጥ ይቀራል።

በ1969 የሃርለም የዳንስ ቴአትር በሕግ ተቋቋመ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላም ፎርድ ፋውንዴሽን 315,000 ዶላር ሰጠው። ይህ ስጦታ ግን እንዲሁ የሚወሰድ አልነበረም። ተቀባዩ ከሌላ ቦታ ገንዘብ ሰብስቦ ሲያሳይ የሚለቀቅ፣ ጥንድ የሚሻ ስጦታ ነው። ዕቁብ የሰበሰበ ሰው እንደሚያውቀው ከባዱ ነገር የመጀመሪያውን ዙር ማግኘት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሰውን አይቶ ይጥላል። የጥንድ ስጦታ አሠራር ለትንሹ ሰጪ የማይታይ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ከጎረቤት የመጣው አሥር ዶላር ከትልቁ ድርጅት ሌላ አሥር ዶላር ይጠራል። በምስጋናው ገጽ ላይ ግን ተጠሪው ከላይ፣ ጠሪው ከታች ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ከነጭራሹ አይጻፍም።

ቀጥሎ የተፈለገው ቤት ነበር። ወይዘሮ አልቫ ጊምብል የተባሉት ባለጸጋ ባደረጉት ርዳታ በምዕራብ 152ኛ መንገድ፣ ቁጥር 466 የሚገኘው ሕንጻ ተገዛ። እርሱም ጋራዥ ነበር፤ የዚህ ቡድን ዕጣ ከመኪና ማደሪያ ጋር የተቆራኘ ይመስላል። ዘይት የጠጣው ወለል ተነሥቶ ለውዝዋዜ የሚሆን እንጨት ተነጠፈ፤ መስተዋትና የእጅ መደገፊያ ዘንግ በግድግዳው ላይ ተተከለ። የወይዘሮ ጊምብል ስጦታ ከብዙ ስጦታዎች የሚለይበት ምክንያት ገና ምንም ትልቅ ትርኢት ያላሳየ፣ ነገ ይኑር ይጥፋ ያልታወቀ ቡድን የዘላለም ጣሪያ እንዲያገኝ ማስቻሉ ነው። ቡድኑ እስከ ዛሬ የሚገኘው በዚያው ሕንጻ ነው።

ጥር 8 ቀን 1971 ቡድኑ በኒው ዮርክ በጉገንሃይም ሙዚየም የመጀመሪያውን ይፋ ትርኢት አሳየ። በዚያው ዓመት ባላንሺንና ሚቸል በጋራ ባቀናበሩት ሥራ የኒው ዮርክ ከተማ ባሌትና የሃርለም የዳንስ ቴአትር በአንድ መድረክ ላይ ታዩ። የዕለት እንጀራው ግን የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ምሽት ብቻ አልነበረም። ተወዛዋዦቹ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ባሌት ምን እንደሆነ እያስረዱ ያሳዩ ነበር። ከዚህም ሌላ በ152ኛው መንገድ ሕንጻ በወር አንድ እሑድ በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። የሠፈሩ ሰው ገብቶ ሕጻናቱም ትልልቆቹም የሚሠሩትን ይመለከታል። ታዋቂ እንግዳ ሲመጣም ከሠፈሩ አዛውንት ጎን ይቀመጣል። በጋራዡ ዘመን በሙቀት ምክንያት የተከፈተው በር በኋላ ሆን ተብሎ የሚከፈት ልማድ ሆነ።

ተወዛዋዦቹ ራሳቸው ከለጋሾች ሊቆጠሩ የሚገባቸው መሆኑን የሚያሳይ አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ አለ። የባሌት ሴት ተወዛዋዥ ከጥንት ጀምሮ የምትለብሰው ጥብቅ የእግር ልብስና በጣት ጫፍ የምትቆምበት ጫማ ቀለሙ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ምክንያቱ ከነጭ ሰው ቆዳ ጋር ተስማምቶ የእግሩን መስመር ሳይቆራርጥ ለማሳየት ነው። በጥቁር እግር ላይ ሲውል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አካሉን ከወገብ በታችና በላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ የሆነችው ላንቺ ስቲቨንሰን ይህን አንሥታ የእግሩ ልብስ ከየተወዛዋዡ ቆዳ ጋር ይመሳሰል ብላ ሐሳብ አቀረበች። ሚቸል ተቀበለው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሃርለም እያንዳንዷ ተወዛዋዥ ልብሷና ጫማዋ በቆዳዋ ልክ ይቀለማል። አንድ ጥንድ የጣት ጫማ አንዳንዴ ከአንድ ምሽት በላይ አይዘልቅም፤ ስለዚህ ማቅለሙ በየጊዜው የሚደገም፣ ማለቂያ የሌለው ሥራ ነው። የለንደኑ የፍሪድ ጫማ ሠሪ ድርጅት ቡናማና ነሐስ መሰል የጣት ጫማ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ2018 ነው። ከአርባ ዓመታት በላይ ፋብሪካው ያልሠራውን ተወዛዋዦቹ በእጃቸው ሠሩት። ይህን ሁሉ ሰዓት በስጦታ መልክ የመዘገበ የሒሳብ መዝገብ የለም።

ቡድኑ በዝና አደገ። የትሪኒዳድ ተወላጁ ጄፍሪ ሆልደር በ1974 «ዱግላ» የተባለውን ሥራ ሰጠው፤ በ1982ም «የእሳት ወፍ» በእርሱ ልብስና ትዕይንት ደምቆ ቀረበ። በ1984 የጥንቱ «ዢዜል» ታሪኩ ወደ ሉዊዚያና፣ ወደ 1840ዎቹ ጥቁሮች ኑሮ ተዛውሮ በለንደን ታየ። በ1988 ቡድኑ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ በሞስኮ፣ በትብሊሲና በሌኒንግራድ ትርኢት አሳየ። ያ ከዘውድ ግምጃ ቤት የተወለደ ጥበብ ከሃርለም ጋራዥ ዞሮ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመለሰ ማለት ነው። በ1992 ደግሞ የአፓርታይድ ሥርዓት ሊፈርስ በተቃረበባት በደቡብ አፍሪካ ተገኝቶ ከማሳየቱም በላይ ወጣቶችን አስተማረ።

ዝናና ሣጥን ግን አብረው አላደጉም። ለምን? ሚቸል ገንዘብ መያዝ አያውቅም ብለው ያሙት ነበሩ። ምናልባት እውነትነት ይኖረው ይሆናል፤ መሥራችም አስተማሪም አቀናባሪም ለማኝም ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው በሁሉም ሊሳካለት አይችልም። ዋናው ምክንያት ግን ከሰውየው ጠባይ ይልቅ በጥበቡ ባሕርይ ውስጥ የሚገኝ ነው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1966 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በፋብሪካ መሣሪያ ሲሻሻል አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፤ በአራት ሰው እንዲጫወቱት የተደረሰ ሙዚቃ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። የሠራተኛው ደመወዝ በአገሩ ሁሉ ሲያድግ የቴአትሩ ወጪ አብሮ ያድጋል፤ ገቢው ግን በወንበሩ ቁጥር የተወሰነ ነው። ቲኬቱን አስወድዶ ጉድለቱን መሙላት ይቻላል የሚል ካለ፣ በሃርለም ይህን ማድረግ ማለት ቡድኑ የተቋቋመለትን ሕዝብ በር ላይ መመለስ ነው።

በ1990 ጉድለቱ ስለበረታ ሠራተኞቹና ተወዛዋዦቹ ለስድስት ወር ከሥራ ተሰናበቱ። አሜሪካን ኤክስፕረስ የሰጠው አንድ ሚሊዮን ዶላር ቡድኑን ከሞት መለሰው። መንግሥት በ1965 ያቋቋመው ብሔራዊ የኪነ ጥበባት መርጃ ድርጅት ደግሞ በ1996 በጀቱ ከ162 ሚሊዮን ወደ 99 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲቆረጥበት ከርሱ የሚጠበቀው ርዳታ ለሁሉም ቡድኖች ቀጠነ። በ1997 የሃርለም ተወዛዋዦች ለደመወዝና ለሥራ ሁኔታቸው አድማ መቱ። ይህ አድማ በቡድኑ የክብር ታሪክ ውስጥ ሲነገር እምብዛም አይሰማም፤ ነገር ግን መነገር አለበት። ተወዛዋዡ በዝቅተኛ ደመወዝ ሲሠራ ጉድለቱን የሚሞላው እርሱ ነው፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ለጋስ ደግሞ አንድ ቀን እምቢ ማለቱ አይቀርም።

በ2004 ዕዳው 2.3 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ ቡድኑ ሥራውን አቆመ። 44ቱ ተወዛዋዦች ተበተኑ። ትምህርት ቤቱም በሩን ዘጋ። የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ሚካኤል ብሉምበርግ ከራሳቸው፣ የካትሪን ሬይኖልድስ ፋውንዴሽንና ሌሎችም ተጨምረው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰባሰበና ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። ትልቁ ቡድን ግን በመድረክ ላይ ለመታየት ስምንት ዓመት ፈጀበት።

እነዚህ ስምንት ዓመታት ከጠቅላላው ታሪክ ይበልጥ የሚያስተምሩ ናቸው። የሚያሳየው ትልቅ ትርኢት የሌለው የባሌት ማኅበር እንደ ማኅበር ሊኖር ይችላል ወይ? በሃርለም ኖረ፤ የኖረውም ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ 152ኛው መንገድ መምጣታቸውን ስላላቆሙ ነው። ወላጆች እንደ 1968ቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ላኩ። የቀድሞ ተወዛዋዦች ተመልሰው አስተማሩ። ከመሥራች አባላቱ አንዷ የሆነችው ቨርጂኒያ ጆንሰን በ2009 ሚቸልን ተክታ የጥበብ ዳይሬክተር እንድትሆን ተጠራች፤ በ2012 በ18 ተወዛዋዦች ቡድኑን ወደ መድረክ መለሰችው። ከ44 ወደ 18 መውረዱ የሚያሳዝን ነው። ዳሩ ግን ቡድኑ ሊሸከመው በሚችለው ልክ መሠራቱ ጥበብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዕዳ አልተዘጋም።

ሚቸል መስከረም 19 ቀን 2018 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። በ2021 ማኬንዚ ስኮት የተባለችው ባለጸጋ 10 ሚሊዮን ዶላር ለቡድኑ ሰጠች፤ በታሪኩ ከተቀበለው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ይህ ገንዘብ ከፎርድ ፋውንዴሽን የመጀመሪያ ስጦታ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይሆናል። የመጣው ግን ቡድኑ ከተመሠረተ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በገንዘብ ተራ በሚጻፍ የምስጋና ዝርዝር ላይ ቀዳሚው ስም የእርሷ ይሆናል፤ በጊዜ ተራ ቢጻፍ ኖሮ ከመጨረሻዎቹ አንዱ በሆነ ነበር። ይህ ስጦታውን ለማቃለል አይደለም። ስኮት መስጠት የቻለችው የሚሰጠው ነገር እስከዚያ ድረስ በሌሎች እጅ ስለቆየ ነው።

ያ የጊዜ ተራ ዝርዝር ምን ሊመስል እንደሚችል በቅርቡ አንዳንድ ሰዎች ማሳየት ጀምረዋል። በ2015 ሚስቲ ኮፕላንድ በአሜሪካን ባሌት ቴአትር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ተወዛዋዥ ስትሆን፣ ጋዜጦች ከእርሷ በፊት በአሜሪካ ጥቁር ባለሪና እንዳልነበረ አድርገው ብዙ ጻፉ። ይህን ያነበቡ የሃርለም የቀድሞ ተወዛዋዦች ነበሩ። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት፣ ሁሉም በቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ሊዲያ አባርካ፣ ጌይል ማኪኒ ግሪፊት፣ ሺላ ሮሃን፣ ማርሻ ሴልስና ካርሊያ ሸልተን የተባሉ አምስት ሴቶች በኢንተርኔት እየተገናኙ መነጋገር ጀመሩ፤ ለጉባኤያቸውም ከ152ኛው መንገድ ስም አወጡለት። አባርካ በ1975 በታዋቂው የአሜሪካ የዳንስ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች፣ በዘመኑ ስሟ የገነነ ተወዛዋዥ ነበረች፤ ሆኖም የገዛ የልጅ ልጆቿ ትውልድ ስለ እርሷ አልሰማም። የአምስቱን ሴቶች ታሪክ የያዘ መጽሐፍ በ2024 በኒው ዮርክ ታትሟል።

ከእነርሱ መካከል ሺላ ሮሃን ቡድኑን ስትቀላቀል ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ሚቸል እንዳያውቅ ለጊዜው ደብቃው ነበር። እርሷ በሃርለም በዘንጉ ላይ ቆማ ስትለማመድ፣ ከዚያም ከቡድኑ ጋር ከከተማ ከተማ ስትዞር፣ እነዚያን ሦስት ልጆች ማን ያበላቸውና ማን ያስተኛቸው እንደነበረ የየትኛውም ዓመት የምስጋና ገጽ አይናገርም።